ለ38 ዓመት ያልታየችው የኒዩንግዌ የሌሊት ወፍ

በደቡብ ምዕራብ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ ድንበር ላይ፣ ኒዩንግዌ የሚባል የተራራ ዝናባማ ደን አለ። ስፋቱ 1000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ ታይታ የማታውቅ አንዲት የሌሊት ወፍ እዚያ ትኖራለች። ሳይንሳዊ ስሟ ራይኖሎፈስ ሂሊ ነው፤ የሂል የሌሊት ወፍ እላታለሁ። በ1981 ከታየች በኋላ ደብዛዋ ጠፋ። በጃንዋሪ 2019 እንደገና ተገኘች። ዜናው ለሕዝብ የተነገረው ግን በ2022 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ያኔ ብዙ ሰው «ጠፋ የተባለ እንስሳ ተገኘ» ብሎ ተደስቶ አለፈ። በእርግጥም ደስ ይላል። እኔ ግን ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ መጻፍ የፈለግሁት በሌላ ምክንያት ነው። አንድ እንስሳ «እዚህ ይኖራል፣ እዚያ አይኖርም» የሚባለው በምን እንደሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። የስርጭት ካርታ ስናይ የእንስሳውን አገር ያየን ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የምናየው ሰው ሄዶ የፈለገበትን ቦታ ነው። ያልተፈለገበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ባዶውን ደግሞ «የለም» ብለን እናነበዋለን።

ፊቷን ላሳያችሁ

የሂል የሌሊት ወፍ ራይኖሎፈስ ከሚባለው ወገን ነች። በአማርኛ ባለ ኮቴ አፍንጫ ብላቸው ያስኬዳል። አፍንጫቸው ዙሪያ ያለው ቆዳ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አለውና። በአፍሪካ፣ በእስያ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ ከ100 በላይ ዝርያዎቻቸው ይታወቃሉ። ነፍሳት በሊታዎች ናቸው። ፍራፍሬ አይነኩም፣ ደም አይመጡም።

ከኮቴው መሐል አንድ ትንሽ የቆዳ ጉብታ ወደ ፊት ይወጣል። ከእሱ በላይ ደግሞ ጫፉ የሾለ ሌላ እጥፋት ወደ ግንባር ይነሳል። ይህ ሁሉ ለጌጥ አይደለም። አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች ድምፃቸውን በአፋቸው ያወጣሉ። እነዚህ ግን በአፍንጫቸው ነው። እጥፋቱ ድምፁን ሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይልከዋል። ጆሮ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣውን ይቀበላል። የሂል የሌሊት ወፍና የቅርብ ዘመዶቿ ላይ ሁለቱም ነገር የተጋነነ ነው፤ ጆሯቸው ትልቅ፣ አፍንጫቸው ሰፊ። በ2019 የያዟት ተመራማሪዎች ገና ሲያዩዋት የተለየች መሆኗን ያወቁት በዚሁ ፊቷ ነው።

ጥቅጥቅ ያለ ደን ውስጥ እንዲህ ያለ ፊት ጥቅም አለው። ቅጠሉ፣ ሐረጉ፣ ቅርንጫፉ ሁሉ ድምፅ ይመልሳል። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት የእሳት እራት መለየት ያስፈልጋል። ባለ ኮቴ አፍንጫዎች ይህን የሚያደርጉት በአንድ ድግግሞሽ (በአንድ የድምፅ ቅጥነት) ላይ የቆመ ረዘም ያለ ድምፅ በመልቀቅ ነው። ቅጠል ባለበት ስለሚቆም ድምፁን እንዳለ ይመልሰዋል። የእሳት እራት ግን ክንፏን ታራግባለች፤ ስለዚህ የሚመለሰው ድምፅ ይዋልላል። የሌሊት ወፏ የምትሰማው ያንን መዋለል ነው። የሚገርመው፣ ራሷ ስትበር በፍጥነቷ ምክንያት የሚመጣውን የድምፅ ለውጥ እንኳ አስልታ የምትለቀውን ድምፅ ታስተካክላለች።

ይህ ድግግሞሽ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። እያንዳንዱ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ የራሱ መስመር አለው ማለት ይቻላል። አንዳንዴ የሁለት ዝርያዎች መስመር ይቀራረባል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይወሳሰባል። ቢሆንም ድምፅን ሰምቶ ዝርያን ለማወቅ እንደ እነዚህ የሚመች የሌሊት ወፍ ጥቂት ነው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ፤ የታሪኩ ቁልፍ እዚያ ነውና።

ስም ማግኘት፣ ስም ማጣት፣ መልሶ ማግኘት

ዝርያዋን በ1973 የሰየማት ስዊዘርላንዳዊው የእንስሳት ተመራማሪ ቪሊ አለን ነው። በጄኔቫ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሠራ ሰው ነው። ስሙ የተሰጠበት ናሙና የመጣው ኒዩንግዌ ውስጥ ኡዊንካ ከሚባል ቦታ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2512 ሜትር። ዛሬ ኡዊንካ የቱሪስቶች መቀበያ ነው። ሰዎች ከዛፎች አናት በላይ በተዘረጋው ተንጠልጣይ ድልድይ ላይ ለመሄድ ወደዚያ ይመጣሉ። ከእግራቸው ሥር ያለው ደን ለዚህች ፍጥረት የመጀመሪያዋ አድራሻ መሆኑን የሚያውቅ ስንቱ ይሆን?

ከ1973 በኋላ ነገሩ ተበላሸ። በ1980 የወጣ አንድ ጥናት የቅርብ ዘመዳሞቹን በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ራይኖሎፈስ ማክላውዲ የሚባለው ዝርያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጊኒ ኮናክሪ የተሰየመ ነው። በ1942 ከርዌንዞሪ ተራሮች ራይኖሎፈስ ርዌንዞሪ ተሰይሞ ነበር። የኒዩንግዌዋ ሦስተኛ መጣች። ሦስቱም ትልቅ ጆሮና ሰፊ አፍንጫ አላቸው፤ በሙዚየም ያሉት ናሙናዎችም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ «ሁሉም ማክላውዲ ናቸው» ተባለ። ለሃያ ዓመት ያህል ትልልቆቹ የአጥቢ እንስሳት መዝገቦች ይህንኑ ተከተሉ።

ይህ የቢሮ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጊኒ እስከ ሩዋንዳ ያለው ርቀት ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአንድ ስም ሲጠቀለሉ ማክላውዲ በአምስት አገር የሚገኝ፣ ሰፊ ስርጭት ያለው እንስሳ ሆነ። እንዲህ ላለ እንስሳ ማን ይሰጋል? አንድ ተራራ ላይ ብቻ ያለችው የኒዩንግዌዋ በወረቀት ላይ አልነበረችም። በወረቀት ላይ የሌለ ደግሞ በጀት የለውም፣ ዘበኛ የለውም፣ «የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅም የለውም። የምደባ ሥራ የሙዚየም ሰዎች ትርፍ ሥራ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የምነግረው ይህንን ነው።

ስሟን የመለሱላት በ2002 ተመራማሪው ያኮብ ፋርና ሦስት ባልደረቦቹ ናቸው። የማክላውዲን ቡድን ናሙናዎች ከየሙዚየሙ አሰባስበው መረመሩ። የራስ ቅሉን ለኩ፣ ጥርሱን አዩ፣ የአፍንጫውን እጥፋት አነጻጸሩ። ውጤቱ፦ ማክላውዲ የጊኒ ብቻ ሆነ። ርዌንዞሪ ራሱን ቻለ። ሂሊም ራሷን ቻለች። በዚህ ላይ ከጊኒና ከላይቤሪያ ራይኖሎፈስ ዚያማ የሚባል አዲስ ዝርያ ተጨመረ። በ2013 ደግሞ ከምሥራቅ ኮንጎ ተራሮች ሁለት ሌሎች መጡ፤ ካሁዚና ዊላርዲ። አንድ የተባለው ስድስት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ያለው ሥርዓት ይደንቀኛል። ከስድስቱ ሁለቱ በምዕራብ አፍሪካ ኮረብታዎች፣ አራቱ በታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ባሉት የአልበርታይን ስምጥ ሸለቆ ተራሮች ላይ። በመሐሉ ያለው ሰፊ የኮንጎ ቆላ ደን ላይ ማንም የለም፤ ቢያንስ የተያዘ የለም። ሊሆን የሚችለው ማብራሪያ ይህ ነው፦ አየር ንብረቱ ሲለዋወጥ ደኑ ደጋግሞ ሰፍቷል፣ ደጋግሞም ጠቧል። ሲጠብ እርጥበት ያልተለያቸው ተራሮች ላይ ተቆርጠው የቀሩት እንስሳት እዚያው ለብቻቸው ተለወጡ።

እኛም አገር ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። የኢትዮጵያ ደጋ ባለ ረጅም ጆሮ የሌሊት ወፎች ለረጅም ጊዜ የአውሮፓው ዝርያ ተብለው ይመዘገቡ ነበር። በ2000 ሁለት የሩሲያ ተመራማሪዎች፣ ክሩስኮፕና ላቭሬንቼንኮ፣ በባሌ ሐረና ደን የተያዙትን መርምረው ፕሌኮተስ ባሌንሲስ የሚል ስም ሰጧቸው። የጫካ ቡናው ሐረና ማለቴ ነው። የዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚለቅም ሰው በላዩ የሚበረው የራሱ አገር ዝርያ መሆኑ የታወቀው ገና ትናንት ነው።

አሥር ሌሊት

ስሟ በ2002 ቢመለስም እሷን ያየ ሰው አልነበረም። የሚታወቀው ነገር በሙሉ ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ኡዊንካ፣ ሌላው ከዚያ ብዙ የማይርቅ፣ 1750 ሜትር ላይ ያለ ዝቅ ያለ ቦታ። ከ1981 በኋላ ሩዋንዳ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ከዚያ የ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ መጣ። በዚያ ዘመን የሌሊት ወፍ ፍለጋ የሚሄድ አልነበረም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ «ለ38 ዓመት አልታየችም» ሲባል ለ38 ዓመት ተፈልጋ ታጣች ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ፈላጊ አልነበራትም።

ፍለጋው የተጀመረው በ2013 ነው። ባት ኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት፣ የሩዋንዳ ልማት ቦርድ እና የሩዋንዳ ዱር እንስሳት ጥበቃ ማኅበር አብረው ሠሩ። ከኬንያ ማሳይ ማራ ዩኒቨርሲቲ ፖል ዌባላ ነበር፤ ከድርጅቱ ጆን ፍላንደርስና ዊኒፍሬድ ፍሪክ። በጃንዋሪ 2019 ቡድኑ ደኑ ውስጥ አሥር ቀንና አሥር ሌሊት ቆየ። በዋሻዎችና በደኑ መተላለፊያዎች ላይ ቀጫጭን መረቦችና የሌሊት ወፍ ማጥመጃዎች ተዘረጉ። 2000 ሜትር ላይ የሚዘንብ ደን ነው። ሌሊቱ ይበርዳል፣ መሬቱ ያዳልጣል፣ መረቡ በየጊዜው መታየት አለበት፤ የተያዘች እንስሳ እንዳትጎዳ።

እና ተገኘች። ለኳት፣ ፎቶ አነሷት፣ ድምፅዋን ቀዱ፣ ከዚያ ለቀቋት።

መልቀቃቸው ትልቅ ነገር ነው። ድሮ ቢሆን ማስረጃው አልኮል ውስጥ የተነከረች እንስሳ ነበረች። ምናልባት የመጨረሻዎቹ ጥቂቶች ሊሆኑ በሚችሉበት ቦታ ግን አንዷን መግደል ከባድ ውሳኔ ነው። ፍላንደርስ በሌላ በኩል ዞረበት። አውሮፓ ሄዶ በሙዚየም የተቀመጡትን የድሮ ናሙናዎች አየ፤ ከያዟት ጋር አነጻጸረ። ዜናው ሦስት ዓመት የዘገየው አንዱም በዚህ ነው። «አገኘን» ብሎ በማግስቱ ማወጅ ይቻል ነበር። ዘመድ ከዘመድ በሚመሳሰልበት ቡድን ውስጥ ግን ጥርጣሬውን ሳይዘጉ ማወጅ የ1980ውን ግራ መጋባት መድገም ነው።

ስምንት ድምፅ

ለእኔ ከመያዟ የሚበልጠው የተቀዳው ድምፅ ነው።

ከ2019 በፊት የሂል የሌሊት ወፍ ድምፅ በዓለም ላይ አልተመዘገበም ነበር። በዚያ ምክንያት ደኑ ውስጥ አንድ ሺህ መቅጃ ቢሰቀል እንኳ ጥቅም አልነበረውም። ድምፅዋ ቢቀዳም የእሷ መሆኑን የሚያውቅ የለም። አንዲት በእጅ የተያዘች እንስሳ ያንን ቁልፍ ሰጠች። ከዚያ በኋላ እሷን ሳይነኩ መፈለግ ተቻለ።

ሥራውን የሠሩት የፓርኩ ጠባቂዎች ናቸው። መቅጃዎቹን ተሸክመው፣ በሚያውቁት ደን ውስጥ እየዞሩ፣ ለዘጠኝ ወር ሰቀሉ፣ አወረዱ፣ ባትሪ ቀየሩ። ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ የድምፅ ፋይሎች ተሰበሰቡ። ተመረመሩ። ከዚያ ሁሉ የሂል የሌሊት ወፍ ሆነው የተገኙት ስምንት ናቸው። ስምንቱም ከሁለት ቦታ። ሁለቱም ቦታዎች በፊት ከተያዘችበት አካባቢ ብዙ አይርቁም።

ይህ ቁጥር በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ስምንት ድምፅ ስምንት እንስሳ ማለት አይደለም። አንዷ ስምንት ጊዜ አልፋ ሊሆን ይችላል። ሃያዎች ኖረው ስምንት ጊዜ ብቻ ተሰምተውም ሊሆን ይችላል። ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ እርጥብ አየር ውስጥ ቶሎ ይሞታል፤ ቅጠልም ያግደዋል። መቅጃው የሚሰማው በዙሪያው ያለውን ጥቂት ሜትር ነው። 1000 ካሬ ኪሎ ሜትር ደን ውስጥ ያ ኢምንት ነው።

ቢሆንም ዝምታውም ይናገራል። ሌሎች የሌሊት ወፎች በብዛት በተቀዱበት ቦታ እሷ አለመሰማቷ ከ2019 በፊት ካለው ባዶ ካርታ ጋር አንድ አይደለም። ያኛው ባዶ ማንም ያልሄደበት ነው። ይህኛው ተሄዶ፣ ተሰምቶ፣ ያልተገኘችበት ነው። በዚህ ምክንያት «በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ያለች፣ ቁጥሯም ያነሰ» የሚለው ግምት አሁን እግር አለው። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ላይ በዱር ከመጥፋት በፊት ባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ መቀመጧም ያለ ምክንያት አይደለም።

ምን ያሰጋታል?

ኒዩንግዌ ከ1933 ጀምሮ የተከለለ ደን ነው። በ2005 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በወረቀት ከዚህ የተሻለ ጥበቃ የለም። ነገር ግን በዚሁ ደን ውስጥ ዝሆን ነበር፤ የመጨረሻው በ1999 ሞቶ ተገኘ። ጎሽም ከዚያ በፊት አልቋል። በ1997 አካባቢ በደረሰው ድርቅ እሳት ሰፊ ቦታ በልቷል። ዙሪያው በአፍሪካ እጅግ ተጨናንቆ ከሚታረሰው መሬት አንዱ ነው። ሻይ ተክሉ ደኑ ጠርዝ ድረስ ይመጣል።

የሌሊት ወፍ ላይ የሚመጣው አደጋ ከዚህም ጠበቅ ይላል። ዋሻ ውስጥ የሚያድር እንስሳ ሁሉ አንድ ድክመት አለው፤ አንድ ዋሻ ከተነካ ብዙዎች አብረው ይነካሉ። ማዕድን ቆፋሪ ገብቶ ሊረብሻቸው፣ አዳኝ እሳት ሊያነድ ይችላል። በዚያ ላይ ከኮቪድ ወዲህ ባለ ኮቴ አፍንጫዎች ስማቸው ጠፍቷል። ለሳርስ ቫይረሶች የቀረቡ ቫይረሶች እስያ ባሉ ዘመዶቻቸው ላይ ተገኝተዋልና ፍርሃቱን አልንቀውም። ግን መፍትሔው ዋሻ ማጨስ አይደለም። የተረበሸ የሌሊት ወፍ ይበተናል፣ ይጨነቃል፣ ሰው ካለበትም ይመጣል። ዋሻውን መተው ለሁለቱም ይሻላል። በዚህ ምክንያት የማደሪያዎች ትክክለኛ ቦታ በይፋ ባይወጣ እመርጣለሁ። ተመራማሪው ይወቀው፣ ጠባቂው ይወቀው፤ ሌላው ሰው ኡዊንካ ድልድይ ላይ ቆሞ ደኑን ቢያይ ይበቃዋል።

የቀረው ትልቅ ጥያቄ ከድንበሩ ማዶ ነው። ኒዩንግዌ ብሩንዲ ውስጥ ካለው የኪቢራ ደን ጋር የተያያዘ ነው። ዛፎቹ አንድ ናቸው፣ ተራራው አንድ ነው፤ መሐል ላይ የሚያልፈው መስመር የሰው ነው። የሂል የሌሊት ወፍ «የሩዋንዳ ብቻ» ተብላ የተመዘገበችው ናሙናዎቹ በሙሉ ከሩዋንዳ በኩል ስለመጡ ነው። ኪቢራ ውስጥ ተገኝታ አታውቅም። አሁን ግን ድምፅዋ ይታወቃል፤ መሣሪያው በአንድ ሰው ቦርሳ ይገባል፤ ኒዩንግዌ ላይ የሠሩት ጠባቂዎችም ልምዱን ለጎረቤቶቻቸው ማሳየት ይችላሉ። እንደ ኒዩንግዌው ለዘጠኝ ወር ቢሠራበት፣ ካርታው ላይ ያለው ባዶ የእሷ ይሁን የእኛ ይለያል።